የድረ ገጼን ስም ስቀይር አንባቢ እንዳይጠፋብኝ ያደረግሁት

ጎንደር ውስጥ በአስጎብኝነት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ፋሲል ግቢ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ስለ ቁስቋም፣ ስለ ጥምቀት አከባበርና ወደ ሰሜን ተራሮች ስለሚደረግ ጉዞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፍኋቸው ጽሑፎች ተሰባስበው 240 ያህል ገጾች ያሉት አንድ ድረ ገጽ ሆነዋል። ድረ ገጹ የተከፈተው ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በሽርክና እንሠራ በነበረበት ጊዜ ስለ ሆነ የሚጠራውም በሽርክናችን ስም ነበር። ሽርክናው በስምምነት ሲፈርስ ጽሑፎቹ ለእኔ ቀሩ፤ ስሙ ግን ሥራዬን የማይገልጽ ሆነና አዲስ ዶሜይን (የድረ ገጽ መጠሪያ ስም) መግዛት ግድ አለኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት እንግዶች አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያገኙኝ ጉግል ላይ ፈልገው በመሆኑ፣ በስም ለውጡ ሰበብ ከፍለጋ ውጤት መጥፋት ለእኔ የዓመት እንጀራ ማጣት ነበር። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃቸው፣ ይልቁንም የገጾቻቸው አድራሻ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ለሆነ ሰዎች ነው፤ እኔን ክፉኛ ያሰናከለኝ ነገር የመጣው ከዚያው ከፊደላችን ጠባይ ነውና።

ጉዳዩን በአእምሮዬ ያጠራልኝ የጽዋ ማኅበር ምሳሌ ነው። ተረኛው ማኅበርተኛ ቤት ቀይሮ ከሆነ፣ በቀድሞው ደጃፉ ላይ አዲሱን ቤት የሚያመለክት ሰው ካላቆመ በስተቀር ማኅበርተኞቹ የተዘጋ በር አንኳኩተው ይመለሳሉ። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። አንባቢውም ሆነ ገጾችን እየዞረ የሚያነብው የፍለጋ ድርጅቱ ሮቦት (ፕሮግራም) ለዓመታት የሚያውቀው አሮጌውን ደጃፍ ስለ ሆነ፣ እዚያ ቆሞ ለእያንዳንዱ መጪ ትክክለኛውን አድራሻ የሚነግር ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያዎች ሪዳይሬክት የሚሉት ማዞሪያ ሲሆን፣ ዓይነቱም 301 በሚል ቁጥር የሚታወቀው፣ ለውጡ ቋሚ መሆኑን የሚናገረው መሆን አለበት። 302 የሚባለው ለጊዜያዊ ለውጥ የተሠራ ነው። ቀድሞ ማዞሪያ የገጽን ክብደት፣ ማለትም ጉግል ለገጹ የሚሰጠውን ግምት፣ በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሳል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጉግል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያለ ቅናሽ ከእንግዲህ እንደሌለ በግልጽ ተናግረዋል። ስለዚህ በስም ለውጥ ትራፊክ (የጎብኚ ፍሰት) የሚጠፋው ማዞሪያ በመኖሩ ሳይሆን ማዞሪያው በመጉደሉ፣ በመሳሳቱ ወይም ቶሎ በመነሣቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ሥራዬ አሮጌው ስም በማን እጅ እንዳለ ማረጋገጥ ሆነ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ ስሙ የተገዛው ውጭ አገር በሚኖሩ በባልደረባዬ ዘመድ ካርድ ሲሆን፣ የተመዘገበውም በባልደረባዬ ኢሜይል ነበር። እንደማስበው በአገራችን ብዙ ድረ ገጾች በዚህ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። ባልደረባዬ በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ፒያሳ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ "ጋሼ፣ ስሙን እኔ ልረከበውና በየዓመቱ ልክፈልበት፤ እንዲሁ ከተውነው ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ ስለ እኛ የተጻፈው ሁሉ ወደዚያ ሰው ይመራል" አልኋቸው። "እኔ ምን ላደርግበት፣ ውሰደው እንጂ" ብለው በዚያው ሳምንት ስሙ እንዳይዛወር የሚጠብቀውን መቆለፊያ ከፍተው የማስተላለፊያውን ኮድ ላኩልኝ። ዶሜይን ከተመዘገበ ወይም ከአንድ መዝጋቢ (ስም የሚሸጥና የሚመዘግብ ድርጅት) ወደ ሌላ ከተዛወረ በኋላ ለ60 ቀናት እንደ ገና ማዛወር ብዙውን ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ይህን ጉዳይ ከስም ለውጡ ጥቂት ወራት ቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ክፍያው ያለፈበት ስምም ወዲያው ባይጠፋ፣ የእፎይታው ጊዜ ሲያልቅ ለ30 ቀናት በውድ ዋጋ ብቻ የሚመለስበት ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። አሮጌውን ስም በእጁ ያላደረገ ሰው ሌላውን ሥራ ባይጀምረው እመክራለሁ።

አዲሱንም ስም ከመግዛቴ በፊት ቀድሞ ባለቤት የነበረው መሆን አለመሆኑን የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ተመለከትሁ። ለማጭበርበር ሲያገለግል የኖረ ስም ቅጣቱን ይዞ ሊመጣ ይችላልና፣ ከገዛሁ በኋላም ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መከታተያ፣ በሰርች ኮንሶል፣ አስመዝግቤ በጉግል ሠራተኞች የተጣለ ቅጣት እንደሌለበት አረጋገጥሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ሐምሌን መረጥሁ። ጎንደር በክረምት እንግዳ የሚያንስባት ከተማ ናት፤ ፍለጋው ከኅዳር ጀምሮ ይጨምርና ለጥምቀት፣ ጥር 11 ሲቃረብ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጉግል ራሱ ዝውውሩ ጎብኚ በሚያንስበት ጊዜ እንዲደረግ የሚመክር ሲሆን፣ መካከለኛ መጠን ያለው ድረ ገጽ አብዛኞቹ ገጾቹ እስኪዛወሩ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችልም ይገልጻል። በታኅሣሥ ብጀምር ኖሮ መናወጡ ሁሉ በዓመቱ ዋና የሥራ ወቅት ላይ ይወድቅብኝ ነበር።

በሰኔ ወር የሠራሁት መመዝገብ ብቻ ነው። የአሮጌውን ድረ ገጽ አድራሻዎች በሙሉ በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አሰባሰብሁ፤ ምንጮቼም ሳይትማፑ (የገጾቹ አድራሻ ዝርዝር የያዘው ፋይል)፣ የሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) የጎብኚዎች መዝገብና የ16 ወራት መረጃ የሚይዘው የሰርች ኮንሶል ሪፖርት ነበሩ። ሦስቱን ማመሳከር አድካሚ ቢሆንም ዋጋ ያለው ሥራ ነው፤ በሳይትማፑ ላይ የሌሉ፣ እኔም የረሳኋቸው፣ ነገር ግን በየቀኑ ሰው የሚገባባቸው ገጾች ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነውና። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ በዓሉ የጻፍሁትን ገጽ በርካታ የውጭ ድረ ገጾች አመልክተውት ስለ ነበር፣ እንደዚህ ያሉትን ገጾች ለብቻ ቀለም ቀብቼ ለየኋቸው። ሥዕሎችንም አልተውሁም፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች በጉግል የሥዕል ፍለጋ ብዙ ሰው ስለሚያመጡልኝ የእነርሱም አድራሻ ማዞሪያ ያስፈልገው ነበር። ብዙ ሰዎች ገጾችን ብቻ አዛውረው ሥዕሎችን ይረሳሉ፤ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የድረ ገጹን መልክ ለመቀየር፣ ክፍሎቹን እንደ አዲስ ለማዋቀር፣ ያረጁ ጽሑፎችን ለማደስም ምኞት ነበረኝ፤ ነገር ግን ሁሉንም አዘገየሁት። ስም፣ መልክና አወቃቀር በአንድ ጊዜ ተቀይረው ትራፊክ ቢወርድ የትኛው እንዳወረደው ማወቅ አይቻልም። ስሙ ብቻ ቢቀየርና ከስሙ በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል አንድም ፊደል ሳይለወጥ ቢዛወር ግን ማዞሪያው ራሱ አጭርና ለስሕተት የማይመች ይሆናል፤ አሮጌውን ስም በአዲሱ ተክቶ ቀሪውን እንዳለ የሚያሳልፍ አንድ ትእዛዝ ይበቃል።

እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። አንድም ፊደል ሳይለወጥ ብዬ የተነሣሁበትን ደንብ ፊደላችን ራሱ አፈረሰብኝ።

የአማርኛ ገጾቼ አድራሻ የሚመነጨው ከርዕሳቸው ስለ ነበር በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። እኛ በአሳሹ ላይ ፊደሉን እናየዋለን እንጂ ለሰርቨሩ የሚላከው ሌላ መልክ ያለው ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይትም በአድራሻ ውስጥ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ፣ "ጎንደር" የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃልም 36 ቁምፊ ይሆናል ማለት ነው። ድረ ገጼ የሚሠራበት ዎርድፕሬስ የተባለው ፕሮግራም ለገጽ መጠሪያ የመደበው ቦታ 200 ቁምፊ ብቻ በመሆኑ ረዥም የአማርኛ ርዕስ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ እኔም የቃላቸው መጨረሻ የጎደለ አድራሻዎች የነበሩኝ በዚህ ምክንያት ነው። የተቆረጠ አድራሻ ለዓይን ደስ ባይልም የሚታወቀው በተቆረጠበት መልክ ስለ ሆነ ሲዛወር ሊሞላ አይገባውም።

ከዚህ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሥላሴን በሠ ጽፎ በስ መተካት ለሰው የአጻጻፍ ምርጫ ነው፤ ለሰርቨር ግን ሌላ አድራሻ ነው። የከተማችን ስም ራሱ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ የቀደሙት ጽሑፎቼ "ጐንደር" ይላሉ፣ የኋለኞቹ ደግሞ "ጎንደር"። በዝውውሩ ያገዘኝ የኮምፒውተር ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። እርሱም በአዲሱ ቅጂ ላይ አጻጻፉ ወጥ ይሁን ብሎ በቅን ልቡና ጐ የሚለውን ሁሉ ወደ ጎ ቀየረው፤ የገጾቹ አድራሻም ከታረሙት ርዕሶች እንደ ገና እንዲመነጭ አደረገ። ሲነግረኝ እኔም ጥሩ አደረግህ አልሁት እንጂ አደጋው አልታየኝም።

ውጤቱም 31 ገጾች፣ በአብዛኛው የቀደሙትና ብዙ የሚነበቡት፣ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ስም ዞረው የሌለ ገጽ ላይ መውደቃቸው ሆነ። ከመክፈታችን በፊት የፈተሽናቸው አሥር ገጾች በአጋጣሚ የእንግሊዝኛዎቹ ስለ ነበሩ ምንም አላየንም። የታወቀን በሁለተኛው ሳምንት ሰርች ኮንሶል ያልተገኙ ገጾች በሚለው ክፍል እነዚያን አድራሻዎች መዘርዘር ሲጀምር ነው። በዓይኔ ሳነጻጽር ሁለቱ አድራሻዎች አንድ መስለው ታዩኝ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ጐ እና ጎን መለየት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ያዳነን በሰኔ ያዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ነው። በኤክሴል ሁለቱን ዓምዶች ቀመር ሲያወዳድራቸው ልዩነቱ ያለባቸው ሁሉ ወዲያው ተለዩ።

ለመፍትሔው ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ከጐ ወደ ጎ የሚወስድ ተጨማሪ ማዞሪያ መጻፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የገጾቹን አድራሻ ወደ ቀድሞው አጻጻፍ መመለስ ነው። ሁለተኛውን መረጥን። ማዞሪያ በማዞሪያ ላይ ሲደራረብ ሰውም ሮቦትም ይንገላታል፤ የጉግል ሮቦት በአንድ ጉዞ እስከ አሥር ማዞሪያ ድረስ ይከተላል ቢባልም ከአንድ በላይ እንዳይሆን መጣር ይገባል። አድራሻና ርዕስ አንድ መሆን የለባቸውምና ርዕሱ በጎ ታርሞ አድራሻው በጐ ቢቀር ምንም ጉዳት የለውም። የአጻጻፍ እርማት በሚወዱ ሰዎች መካከል፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፣ ይህን መቀበል ይከብዳል፤ ነገር ግን የታተመ አድራሻ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም፣ ሰው የያዘው ቁልፍ ነው።

ማዞሪያውን ስለ መትከል ጥቂት ነገር ልጨምር። የእኛ ሰርቨር የሚሠራው አፓቼ በሚባል ፕሮግራም ስለ ሆነ ትእዛዙ የተጻፈው በአሮጌው ስም ሥር ባለው ኤችቲአክሰስ በሚባለው ፋይል ነው። አሮጌው ስም በአራት መልክ እንደሚከፈት መዘንጋት አይገባም፤ ከፊቱ ሦስቱ ደብልዩ ያለበትና የሌለበት፣ እያንዳንዳቸውም በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ (ባልተመሰጠረውና በተመሰጠረው መንገድ)። አራቱም በአንድ እርምጃ ወደ አዲሱ ስም መድረስ አለባቸው። የደኅንነት ሰርተፊኬቱም በአሮጌው ስም ላይ እየታደሰ መቀጠል አለበት፤ ሰርተፊኬቱ ያለፈበት ስም ማዞሪያውን ከማሳየቱ በፊት አሳሹ የማስጠንቀቂያ ገጽ ይደቅናል። የሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ ሰርተፊኬታችን የሚያገለግለው ለ90 ቀናት ብቻ በመሆኑ እድሳቱ በራሱ እንዲፈጸም አድርገናል። ሙከራውንም በመጀመሪያ በ302 አድርገን፣ ሁሉም ሲስተካከል ወደ 301 ቀየርነው፤ አሳሾች 301ን ስለሚያስታውሱ በስሕተት የተጻፈ ቋሚ ማዞሪያ ከታረመ በኋላም በጎብኚው ማሽን ላይ ሊቆይ ይችላልና። የሌለ ገጽን ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ መምራት እንደ ቀላል መፍትሔ ሲነገር እሰማለሁ፤ ጉግል ግን እንዲህ ያለውን እንደ ጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው፤ አንባቢውም የቁስቋምን ቤተ መንግሥት ፈልጎ መጥቶ በሩ ላይ መቆሙ ነው።

ከዚያ በኋላ በሰርች ኮንሶል ሁለቱንም ስሞች በአንድ አካውንት አረጋግጠን የአድራሻ ለውጥ የሚለውን መሣሪያ ተጠቀምን። መሣሪያው ከማዞሪያው በፊት ቢሞከር አይቀበልም፤ በናሙና ገጾች ላይ 301 መኖሩን ራሱ ይፈትሻል። ማስታወቂያው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለ180 ቀናት ይሠራል። የአዲሱን ሳይትማፕ አስገባን፤ ሮቦቱ ማዞሪያዎቹን ቶሎ እንዲያያቸው ብለን የአሮጌውንም ለጥቂት ጊዜ አላነሣነውም። አሮጌውን ስም ሮቦቶች የት እንዳይገቡ በሚነግረው በሮቦትስ ፋይል መዝጋት ከባድ ስሕተት ነው፤ የተዘጋ ሮቦት ማዞሪያውን ሊያይ አይችልም። በውስጥ ያሉ ሊንኮችን፣ ካኖኒካል የሚባለውን፣ የገጹ ዋና አድራሻ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረውን ምልክትና አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር የሚያያይዘውን የቋንቋ ምልክት ሁሉ ወደ አዲሱ ስም ቀየርን። ለሙከራ ጊዜ አዲሱን ቅጂ ከፍለጋ ሰውረነው ስለ ነበር ያንን መከልከያ በከፈትንበት ሰዓት ማንሣታችንን ሁለታችንም በየተራ አረጋገጥን።

የመጠበቁ ጊዜ ከባድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሁለቱ ስሞች ድምር ቀድሞ ከነበረው አንድ አራተኛ ያህል ወርዶ ነበር። ከዚህም ጥቂት የማይባለው የ31ዱ ገጾች ጉዳት እንደ ሆነ እነርሱ ከተስተካከሉ በኋላ ባየሁት መመለስ ተረድቻለሁ። በዚህ ወቅት መታየት ያለበት ድምሩ ነው፤ የአሮጌው ስም መስመር መውረዱ የሥራው መሳካት እንጂ ጥፋት አይደለም። ንጽጽሩም ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሊሆን ይገባል። በዓሎቻችንን በተመለከተ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። የጉግል ሪፖርት የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ቢውልም ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ትንሣኤማ ከዓመት ዓመት በሳምንታት ይለያያል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የበዓል መቀያየርን የዝውውር ጉዳት አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

በጥቅምት ድምሩ ካለፈው ዓመት ጋር እኩል ሆነ፤ በጥምቀት ሰሞንም ቀድሞ ይመጣ የነበረው ያህል ሰው መጣ። በመካከሉ ወደ እኔ የሚያመለክቱትን ሆቴሎችና የጉዞ ወኪሎች አንድ በአንድ ጠይቄ ሊንካቸውን አስቀይሬያለሁ፤ የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የዩቲዩብ መግለጫዎቼንም በመጀመሪያው ቀን አርሜያለሁ። ሊቀየር ያልቻለው በሆቴሎቹ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኋቸው የታተሙ የኪውአር ኮድ ካርዶች ናቸው። እነዚያ የሚያመለክቱት አሮጌውን ስም ነው፤ ጥቂት የማይባሉ እንግዶችም ዛሬም በእነርሱ በኩል ይገባሉ። ጉግል ማዞሪያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ እኔ ግን አሮጌውን ስም ለአምስት ዓመት አሳድሼዋለሁ። በየወሩ መጀመሪያም ከስልኬ አሮጌውን አድራሻ በአራቱም መልክ፣ በጐ የተጻፉትንም ገጾች ጨምሬ እከፍታለሁ፤ ባለፈው ወር ሁሉም በአንድ እርምጃ አድርሰውኛል።